ጩኸት ቁጥር ዘጠኝ

ሙሉዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽኝ እነሆ አሥራ አንድ ወር ሞላ። ዛሬ ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ነው። በደጋው አገር ሰዉ የሩፋኤልን ጠበል ከሰማይ ሲጠብቅ፣ አሰብ ላይ የሚዘንበው የራሳችን ላብ ብቻ መሆኑን እያነሣሽ በየዓመቱ ትስቂ ነበር። ዘንድሮም ያው ነው፤ ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ እጅ ይለበልባል። ይህን የምጽፍልሽ በረንዳው ላይ፣ ከሁለቱ ወንበሮች በአንዱ ተቀምጬ ነው። በአንቺ ወንበር ላይ ቴፕሽ ተቀምጧል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዬን በሰላምታ አስጊጬ እጀምረው ነበር። ዛሬ ግን ብዕር ያነሣሁት ስላፈርሁ ነው፤ ያሳፈረኝን ነገር ደግሞ ከእኔ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ከነዳጅ ማጣሪያው የሚሠራው መካኒክ ጎረቤታችን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ናዝሬት ሄዷል። ሲሰናበተኝ፣ «እርስዎስ ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ፤ መቃብርሽ ያለበትን አቅጣጫ ብቻ አየሁ፤ ገባው። ፍሪጁ ዛሬም ሞተሩ ሲነሣ እንደ ግመል ያጓራል። መጻሕፍቱን እርጥበቱ በላቸው። በየሳምንቱ አንድ በአንድ እያወጣሽ፣ ገጻቸውን እየገለጥሽ ነፋስ ታስመቻቸው እንደነበር ያወቅሁት ሻጋታ ሲያወጡ ነው። ዕድሜ ልኬን የመጻሕፍት ሰው ነኝ ስል ኖሬ፣ መጻሕፍቱን በሕይወት ያቆየቻቸው ማን እንደሆነች ልብ ብዬ አላየሁም። ይህ አንዱ ዕፍረቴ ነው፤ ትልቁ ግን አይደለም።

በየዓመቱ ሩፋኤል ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ እዚህ በረንዳ ላይ የምንቀመጠውን መቀመጥ «የጳጉሜን ችሎት» ትዪው ነበር። በዓመቱ ካነበብነው ሁሉ የወደድነውን እያቀረብን እንሟገታለን። እኔ በማስታወሻ ጽፌ እመጣለሁ፤ አንቺ በቃልሽ። ሙግቱ እስከ መጻሕፍቱ ድረስ ያማረ ነበር። ከዚያ ጉሮሮሽን ጠርገሽ፣ «እሺ፤ አሁን ወደ ዘፈኖቹ» ስትዪ እጄን አነሣለሁ፤ ዳኛ ጠበቃን እንደሚያስቆም። «እሱን እለፊው፣ ሙሉዬ» እላለሁ። ታልፊዋለሽ።

ዘፈኖችሽ እንደ እኔ ዘፈኖች የባሕል አልነበሩም። በመርከብ ወኪሎቹ ቢሮ ቴሌክስ ላይ ስትሠሪ፣ የግሪኩም የፊሊፒንሱም መርከበኛ መልእክቱ እስኪላክለት ድረስ ስለ ዘፈን ያወራሽ ነበር፤ በሚቀጥለው ጉዞው ካሴት ይዞልሽ ይመጣል። ሮክ! የሰፈራችን ሱቅ ባለቤት ከማል ከወሎ አብሮት የመጣውን መንዙማ ከሚቀዳበት ማሽን ላይ አንሥቶ የአንቺን ጊታር ይቀዳልሽ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ የምታስቀድስ ሴት ይህን ትሰማለች ብሎ ማን ያምናል? ያን ጊዜም አፍሬ ነበር፤ በአንቺ። እንግዳ ሲመጣ ድምፁን እንድትቀንሺ በዓይኔ እጠቅስሽ ነበር። አንድ ቀን፣ «ይህ ሙዚቃ አይደለም፤ ጩኸት ነው» አልሁሽ። አልተቀየምሽም። በማግሥቱ ካሴቶችሽን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረሽ፣ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሕፈትሽ «ጩኸት 1»፣ «ጩኸት 2» እያልሽ ስም ለጠፍሽባቸው። «አቶ ደራሲ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ክርስትና ተነሥተዋል» አልሽኝ።

እንግዲህ ወደ በደሌ ልምጣ። አምና በነሐሴ፣ በክበቡ ለምንሰበሰብ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስለ ቋንቋ ንጽሕና የማሰማውን ንግግር ጽፌ ጨረስሁ። ድምፄ የት ላይ እንደሚነሣ፣ የት ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሜ መስማት አማረኝ። ባዶ ካሴት አልነበረም። ዓርብ ቀትር ስለነበር ከማልም ሱቁን ዘግቶ ወደ መስጊድ ሄዷል። አንድ ሰዓት መታገሥ አቃተኝ። ከመደርደሪያሽ ላይ «ጩኸት 9»ን አነሣሁ።

ከካሴቱ ጀርባ ያለችው ትንሿ የፕላስቲክ ጥርስ ተሰብራለች። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ጥርሷን የሰበረ ሰው «በዚህ ላይ ማንም እንዳይቀዳ» ማለቱ ነው፤ ቴፑም ይህን አክብሮ አልቀዳም ይላል። ቀዳዳዋ ላይ ወረቀት ከጠቀጠቁባት ግን ይታለላል፤ ይህንን ዘዴ ያስተማርሽኝም አንቺ ነሽ። ከንግግሬ ረቂቅ ጥግ ላይ ቁራጭ ቀደድሁ፤ አድበልብዬ ጠቀጠቅሁ። ከዚያ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ስለ ቋንቋ ንጽሕና አነበብሁ።

ከሥራ ስትመለሽ ካሴቱ ከቴፑ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሽው። ገልብጠሽ አየሽው፤ ወረቀቷን በጥፍርሽ ነካ አደረግሻት። «በዘጠነኛው ላይ ቀዳህ?» አልሽ። «ያው ጩኸት ነው ብዬ ነው» አልሁሽ። «እንኳንም ስሙን አልቀየርሁት» ብለሽ ወደ መደርደሪያው መለስሽው። እኔም ሳቅሁ። ቀልድሽን ወድጄው፣ በክበቡ ውስጥ ለሰዎች ሁሉ ነገርኋቸው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሩፋኤል ሆነ። መጽሐፍሽን አቀረብሽ፤ ያቺን መንገደኛ አውቶቡስ ላይ የሚያነብባትን ዓይነት ቀጭን የወንጀል ታሪክ። ተሳለቅሁባት። ከዚያ ጉሮሮሽን እስክትጠርጊ ጠበቅሁ፤ እጄ ለመነሣት ተዘጋጅታ ነበር። «ዘንድሮ ዘፈን የለኝም» አልሽ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ዕፎይ አልሁ። በወሩ ልብሽ ከዳሽ።

አርባሽን ካወጣን በኋላ የክበቡ ሰዎች ያን ንግግር እንዳሳትመው ጠየቁኝ። ረቂቁ በለቅሶው ግርግር ጠፍቷል። ስለዚህ «ጩኸት 9»ን ከፍቼ እየሰማሁ መገልበጥ ጀመርሁ። ከዚያ በፊት ስሰማው «አመሰግናለሁ» ባልሁበት አፍታ ሁልጊዜ አጠፋው ነበር። ያን ቀን ግን እስክሪብቶዬ አልቆ ሌላ ልፈልግ ገባሁ፤ ቴፑ እንደተከፈተ ነው። ከኋላዬ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ አንድ ጊታር ወደ መጨረሻው ሲወርድ። ከዚያ አንቺ።

«ሦስተኛው ይኸው ነበር። አንተ ጩኸት ትለዋለህ፤ ልክ ነህ። እናቴ ስትሞት ያልጮኽሁትን ነው የሚጮኽልኝ። አየህ፣ በቴፕ ስለሆነ እጅህን ብታነሣም አላቆምም። አበቃሁ፣ አቶ ደራሲ። ፍርድህን ስጥ።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ፣ ሙሉዬ። እስክሪብቶው ከእጄ ሲወድቅ አልሰማሁትም።

የእናትሽን መርዶ የሰማሽበትን ቀን አስታወስሁ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ወሬው የደረሰን ከተቀበሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሳሎኑ በክበቡ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። አፍሽን ስትከፍቺ ክንድሽን ያዝሁ፤ «ጨዋ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለቅሳል» አልሁሽ። ዝቅ አደረግሽው። እኔ በዚያ ሰዓት ያሰብሁት ስለ እንግዶቼ ነበር። በአገራችን ለሞተ ሰው የሚጮኸው ጩኸት የፍቅር ስም መሆኑን፣ ቃል እመረምራለሁ የምለው እኔ ዘነጋሁት። ያን ያፈንሁትን ጩኸት መርከበኞቹ ካመጡልሽ ጊታር ውስጥ ስታገኚው ደግሞ ይህንኑ ቃል መሳለቂያ አደረግሁት። አንቺ ግን አነሣሽው፤ በካሴቶችሽ ሁሉ ላይ ጻፍሽው።

በየዓመቱ እንደማደርገው እንዳላቋርጥሽ ነበር ለአምናው ችሎት ሙግትሽን በቴፕ የቀዳሽው። እዚያም ገብቼ አቋረጥሁሽ።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዘፈን የትኞቹ ነበሩ? ስለ እነርሱስ ምን ብለሽ ነበር? አላውቅም፤ ወደፊትም አላውቅም። ከእኔ ድምፅ ሥር ተቀብረዋል። ከማልን ጠየቅሁት፤ «ጋሼ፣ ያንን እትዬ ሙሉ ራሳቸው ናቸው እቤት የቀዱት፤ እኔ ጋ የለም» አለኝ። ሦስተኛውን ግን መጨረሻውን ይዤዋለሁና ልፈልገው ቆረጥሁ። ሱቁ ውስጥ፣ ሩዝ ሊገዙ በቆሙ ሦስት የአፋር ሽማግሌዎች ፊት፣ ያን የጊታር ጅራት በአፌ ዜማ አንጎራጎርሁለት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከማል ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ሳቀ፤ «ያ ሰላም! ጋሼ፣ በአፍዎ ጊታር አይምቱ፤ ቴፑን ያምጡት። እትዬ ሙሉ ይህንን ቢያዩ እዚህ ድረስ እልል እያሉ ይመጡ ነበር» አለኝ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ጥርሴን ያመመኝ መስሎት ቅርንፉድ እንዲሰጠኝ ለከማል ነገረው።

እንግዲህ ዓመቴን ያሳለፍሁት እንደዚህ ነው። ጠዋት አነብባለሁ፤ ከቀትር በኋላ ካሴቶችሽን ከቁጥር አንድ ጀምሬ እሰማለሁ። መጀመሪያ ላይ ራሴን እንደ መድኃኒት አስገድጄ ነበር፤ እየቆየ ሰዓቱን መጠበቅ ጀመርሁ። ቋንቋውን ግማሽ ያህል እንኳ አልሰማውም፤ ሆኖም አንድ ሰው ድምፁ እስኪሰነጠቅ ድረስ አንድ ቃል ሲደጋግም የእኛን አልቃሾች መሰለኝ። ሦስተኛውን በየካቲት ወር አገኘሁት፤ «ጩኸት 4» ላይ፣ በሁለተኛው ገጽ። በዝግታ ይጀምራል፣ ከበሮው ዘግይቶ ይገባል፤ ከዚያ ዘፋኙ ቃሉን ትቶ ድምፅ ብቻ ይሆናል። መስኮቱን ከፈትሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። ያን ዕለት ሁለት የክበቡ ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ፤ አልቀነስሁትም።

ችሎቱ ተሰይሟልና የዘንድሮዬን ላቅርብ። ከመጻሕፍት፣ በመጀመሪያ የአንቺን የወንጀል ታሪክ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ከመካከሉ አውቄ ነበር፤ ሟቿን ማንም በቅጡ አዳምጧት አለማወቁን ያወቅሁት ግን በመጨረሻው ገጽ ነው፤ ለምን እንደመረጥሽው ገባኝ። ሁለተኛው ሽፋኑ በእርጥበት ተገንጥሎ የደራሲው ስም የጠፋ፣ የአንድ የመብራት ቤት ጠባቂ ማስታወሻ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ወደ ዒድ ወደብ ጀልባ ስትሄድ አይቶ «ሄደች» ብሎ ብቻ ይጽፋል። እኔ ብሆን ኖሮ አንድ ገጽ አባክንባት ነበር። ከዘፈን፣ ከ«ጩኸት 2» ያ ኦርጋን ያለበት፣ የመጨረሻው ቤት ላይ ሁሉም መሣሪያ በድንገት የሚቆምበት። ከ«ጩኸት 7» ደግሞ ዘፋኟ የምትስቅበት፤ ሳቋ የአንቺን ይመስላል፣ እውነቱን ለመናገር የመረጥሁትም ስለዚያ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ሦስተኛሽን። ስለ መጀመሪያሽና ስለ ሁለተኛሽ ክፍት ቦታ ትቻለሁ፤ ማንንም አላስቀምጥባቸውም።

ፍርዱን ጠይቀሽኛል። ፈርጃለሁ፤ በራሴ ላይ። ንግግሩን አላሳተምሁትም። ከካሴቱ ላይ ላጠፋውም አሰብሁ፤ ነገር ግን ለማጥፋት እንደገና መቅዳት አለብኝ፣ እጄ ቢሳሳት ደግሞ የቀረኝን ቃልሽን እወስዳለሁ። ስለዚህ ይቆያል። በየዓመቱ ሩፋኤል ቀን ሠላሳ ስምንቱን ደቂቃ ሳልዘልል፣ ያን ኩሩ ድምፅ ከነቃላቱ እየሰማሁ ወደ አንቺ እመጣለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ሌላ መንገድ አልፈልግም።

ዛሬ ጠዋት በጸጉር መርፌሽ ወረቀቷን ከቀዳዳዋ አወጣኋት። ፈትቼ ባያት ከረቂቄ የቀረ «ንጽ» የሚል ግማሽ ቃል ብቻ አለባት። መርፌሽን ወደ ሳጥንሽ መልሼዋለሁ። ከእንግዲህ በዘጠነኛው ላይ ማንም አይቀዳም፤ እኔም ጭምር።

አሁን በቴፑ ላይ ንግግሬ ሊያልቅ ነው። «አመሰግናለሁ» ሊል ነው። ቀጭ አለ፤ ጊታሩ እየወረደ ነው፣ ሙሉዬ። ተናገሪ፤ ሁለቱም እጆቼ ጉልበቴ ላይ ናቸው።

ባልሽ