ልጃችንን ይዘን ቤት እንድንውል፣ መደባችንንም እንዳንዘጋ ለወሰኑልን ለክቡር አቶ ቀዳማዊ

ለክቡር አቶ ቀዳማዊ ወንድይፍራው
የወግና ሥራ ፓርቲ የኢኮኖሚ ጉዳዮች ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ እንዲሁም ቤቴል ያሠሩት አዲሱ ቤትዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ ልባዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔና የኮልፌ 18 ማዞሪያ የመደብ ነጋዴዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ጤና ገና ግብር ስላልተጣለበት እስካሁን አልጎደለብንም።

ስሜ አልፊያ ሸምሱ ይባላል፤ ሻሽና ነጠላ ጫማ እሸጣለሁ። ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል እንጂ ፓርቲዎ ገና ጀማሪ ሳለ አስኮ ድንኳን ጥላችሁ የመጀመሪያውን ስብሰባ ስታደርጉ ለእንግዶች ወንበር ሳቀብል የዋልኩት ሴት እኔ ነኝ። በሦስቱም ምርጫ መርጫችኋለሁ፤ ሰፈሩንም «እነዚህ እንኳ ወግ ያውቃሉ» እያልኩ አስመርጫለሁ። እኔ ራሴ ከማንም የማላንስ ወግ አጥባቂ ነኝ። ታላቅ ሲመጣ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ፣ በብድር ሰርግ አልደግስም፣ ዛሬም የተቀመጥኩት እናቴ ባወረሰችኝ መደብ ላይ ነው፣ «ለውጥ መጣ» ሲሉኝም መጀመሪያ የምጠይቀው ለማን እንደመጣ ነው። ስለዚህ ይህንን ደብዳቤ የተቃዋሚ ወሬ ነው ብለው ወደ ጎን እንዳያደርጉት በትሕትና እለምናለሁ።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ልዳፈርዎት ፈልጌ አይደለም። ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የቆሙት ጥበቃ በመጣን ቁጥር «ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለሚሉን፣ ያ ስብሰባ እስኪያልቅ ድረስ ሕዝቡ ቢያነበው ጊዜም ይቆጠባል ብዬ ነው። ቁጠባን ደግሞ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከማዞሪያው ጀርባ የወረዳው የሆነ አንድ ቤት አለ፤ የሕፃናት ማቆያ ነው። እኛ መደብ ላይ የምንውል ሴቶች ጠዋት ልጆቻችንን እዚያ አድርሰን ማታ እንወስዳለን። የምትይዝልን ወይዘሮ ፀዳለ ናት፤ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምትዘምር፣ የእኛን ልጆች በመዝሙር አስተኝታ በቢስሚላህ የምታበላ ሴት ናት። ይህ ማቆያ በዚህ ወር መጨረሻ ተዘግቶ ቤቱ ለመኪና ማቆሚያ በጨረታ እንደሚከራይ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፏል። ለዚህ ውሳኔዎ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ሌሎች ፓርቲዎች አንድ ነገር ሊያፈርሱ ሲፈልጉ ዶዘር ይዘው በአንድ ጠዋት ይመጣሉ፤ የእርስዎ ፓርቲ ግን ጨዋ ስለሆነ በምርጫ በምርጫ ነው የሚያፈርሰው። በመጀመሪያው ምርጫ «ነባሩን ነጋዴ አትንኩ» ብላችሁ መጣችሁ፤ እውነትም አልተነካንም፤ ይህንንም ማቆያ የከፈታችሁልን ያኔ ነው። ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነበሩ፤ እናት ሐሳቧ ሳይከፋፈል ስትሠራ ቤተሰብ ይጠነክራል፣ ቤተሰብ ሲጠነክር ኢኮኖሚው ይጠነክራል ብለው ሲናገሩ እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። በሁለተኛው ምርጫ ባለሕንፃዎቹ ፓርቲውን ተቀላቀሉና ንግግራችሁ «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» ወደሚለው ዞረ፤ ገበያውም በመጀመሪያ ያስተካከለው የልጆቹን ወተት ነበር። ከዚያ ወዲህ የማቆያው ወተት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። በሦስተኛው ምርጫ ለእኛ የሚሰጥ ነገር ሲያልቅ ምክር መስጠት ጀመራችሁ፤ እናት እንዴት መዋል እንዳለባት፣ ልጅ እንዴት ማደግ እንዳለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኛ እንቁላል ግን ሄዶ ሄዶ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ገባ። በዚህ ሁሉ ዘመን ደግሞ በየስብሰባው «እኛ ምንም አልለወጥንም» ሲሉ አንድ ቀን እንኳ ድምፅዎ አለመንቀጥቀጡን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፣ ቋንቋ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ለአንድ ሕፃን የሚሰጥ አንድ ኩባያ ወተት ድጎማ ይባላል፣ ድጎማም ስንፍና ያስተምራል፤ ለአንድ ሕንፃ የሚሰጥ የአምስት ዓመት የግብር እፎይታ ግን ማበረታቻ ይባላል፣ ማበረታቻም ትጋት ያስተምራል። እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ስለሆንኩ ልዩነቱ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ ልዩነቱ ፎቁ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ላቀረብነው ሐሳብ ስለሰጡን መልስ አመሰግናለሁ። እኛ የመደብ ሴቶች ተመካክረን የፀዳለን ደመወዝ ከዕቁባችን እንደምንችል፣ ወተቱንም ራሳችን እንደምንገዛ፣ ከወረዳው የምንፈልገው ቤቱን ብቻ እንደሆነ ጽፈን አስገብተን ነበር። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣው መልስ «የግል ባለሀብት ያልገባበት ሥራ ዘላቂ አይሆንም» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ እኛም እኮ የግል ነን፤ የጎደለን ባለሀብትነቱ ብቻ ነው።

አራተኛው ትንሽ ጠለቅ ያለ የኢኮኖሚ ጉዳይ ስለሆነ ምሁራን እንዲያግዙኝ እጠይቃለሁ። ባለፈው ዓመት ፓርቲዎ «ሥራ ፈት ቦታ አይያዝም» በሚል መርሕ ሦስት ቀን በተከታታይ ያልተከፈተ መደብ ለሌላ ሰው እንዲተላለፍ አስወሰነ። መልካም ነው፤ እኔም ስንፍና አልወድም። ባለፈው ወር ደግሞ ቤቴል በተደረገው ስብሰባ ልጅ በእናቱ እጅ፣ በቤተሰቡ መካከል እንጂ በማቆያ ማደግ እንደሌለበት፣ እናትም ቤቷ ብትውል ለኢኮኖሚው ታላቅ አስተዋጽኦ እንደምታደርግ ተናገሩ። ይህም መልካም ነው፤ ልጄን ከጎኔ ባደርግ የምጠላ መሰልኩዎት? እኔ ያልቻልኩት ሁለቱን መልካም ነገሮች በአንድ ማክሰኞ ማድረግ ነው። ቤት ከዋልኩ መደቤ ይወሰዳል፤ መደብ ላይ ከዋልኩ ልጄ የት ትዋል? ሁለቱም ወረቀት ላይ የእርስዎ ፊርማ አለ፤ ፊርማዎ በእውነት ያምራል።

ቀጥሎ ላለው ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምስጋናም አላገኘሁለትም።

ከእኔ ቀጥሎ ባለው መደብ ሎሚና ቃሪያ የምትሸጥ ኢክላስ የምትባል ልጅ አለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ሞያሌ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ ሚስኪ የምትባል ሁለት ዓመቷን የያዘች ሴት ልጅ አላት። ማቆያው ለመዘጋት በመዘጋጀት ላይ ነው ተብሎ ከሰዓት በኋላ ልጅ መቀበል ሲያቆም ኢክላስ ሚስኪን መደብ ላይ ይዛት ትውል ጀመር። ልጅ ናትና አንድ ቦታ አትቀመጥም፤ ስለዚህ ከእኔ አንድ ሻሽ ገዝታ ወገቧን ከመደቡ እግር ጋር ታስራት ነበር። ገንዘቧን ስቀበል አፍሬአለሁ። ደንብ አስከባሪው ሲያልፍ አይቶ፣ ሕፃን እንደ በግ ማሰር ነውር ነው ብሎ አስፈታት። ልክ ነው፤ ነውር ነው።

በተፈታች በማግስቱ ሚስኪ ታክሲዎቹ ወደሚዞሩበት ሮጠች። ኢክላስ ቃሪያ እየመዘነች ነበር፤ እኔ ለደንበኛ ጫማ እያወረድኩ ነበር። አንድ ሚኒባስ ወደኋላ እየመጣ ሳለ ተራ አስከባሪው ገመቹ በቀሚሷ አንገት ይዞ አነሳት። አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጣት። «እትዬ አልፊያ፣ እኔ እዚህ የቆምኩት ታክሲ ላሰልፍ ነው እንጂ ልጅ ልጠብቅ አይደለም፤ ነገ ዞር ብዬ ባላያትስ?» አለኝ። እኔ በቀላሉ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኢክላስ አላለቀሰችም፤ ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ ቃሪያውን መዝና ጨረሰች፤ ደንበኛው ቆሞ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን መደቧን ዘግታ ቤቷ ዋለች፤ እርስዎ እንዳሉት። በሦስተኛው ቀን ልጇን አዝላ ተመልሳ መጣች፤ እርስዎ እንዳሉት።

በምክር ቤት የሚወክሉንን ሰው አነጋግሩ እንዳይሉን፣ አነጋግረናቸዋል። በጣም አዝነው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው፣ የፓርቲ ዲሲፕሊን ስላለባቸው ድምፃቸውን ለመዝጋቱ እንደሰጡ አስረድተውናል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት ነገር በዲሲፕሊን ሲሆን እንዴት ደስ እንደሚል ያኔ አየሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። እኔ ወግ አጥባቂ እንደመሆኔ ብዙ መጠየቅ አይሆንልኝም፤ ወተቱ ይመለስ አላልኩም፣ ባለሕንፃዎቹ ግብር ይክፈሉ የሚል ድፍረትም አልሞከረኝም። ከሁለቱ ፊርማዎችዎ አንዱን ብቻ ያንሱልን። ወይ ማቆያው ይቆይና እንሥራ፤ ወይ የሦስት ቀኑ ደንብ ይነሣና ልጆቻችን ነፍስ እስኪያውቁ ቤት እንዋል፣ መደባችንም ይጠብቀን። የትኛውን እንደሚያነሡ ለእርስዎ ጥበብ ትቻለሁ፤ ሁለቱንም ይዞ እናትን ማመስገን ግን ለእርስዎም አድካሚ ይመስለኛል።

ጊዜዎን ስላባከንኩ፣ ስብሰባዎንም በሐሳብ ስላቋረጥኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ልጆችዎን ለሚይዙት ሁለቱ ሞግዚቶችና ለሾፌርዎ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ፓርቲዎ ከወግም ከሥራም ቢያንስ አንዱን ይዞ ለመጪው ምርጫ እንዲደርስ ፈጣሪ ይርዳው።

የዘወትር መራጭዎና ወንበር አቀባይዎ፣
አልፊያ ሸምሱ
ሻሽና ነጠላ ጫማ ነጋዴ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ

ማስታወሻ፦ መልስዎ እስኪደርሰን ሁለቱንም ትእዛዝዎን አክብረን የምንቆይበት መላ አግኝተናል። ባለፈው ደጅ ስንጠና ከጥበቃው ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልልቅ ፊደል «ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል አንብበናል። ልጅ በቤተሰብ መካከል ይደግ ካሉ ዘንድ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቻችንን ጽሕፈት ቤትዎ አድርሰን ወደ መደባችን እንመለሳለን። ምሳና ዳይፐር ከእኛ ነው፤ የስብሰባ አዳራሽዎ ምንጣፍ እንዳለው አይተናል፤ ወይዘሮ ፀዳለም የመጀመሪያውን ቀን ከእናንተ ጋር ሆና ልታሳያችሁ ፈቅዳለች። አብዛኞቹ ገራሞች ናቸው። ሚስኪ ብቻ ክፍት በር ካገኘች ትሮጣለች፤ የጽሕፈት ቤትዎ በር ደግሞ የሚከፈተው ወደ አስፋልቱ ነው። በሩን አደራ።