በአንድ ስፒል የተያዙ ሁለት ወረቀቶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 15

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት አባት ነው እንዴ ያለሽ?» አለኝ ፓስፖርት ክፍል ያለው ጸሐፊ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ። አንዱማ ሳቀ።

የክርስትና ወረቀቴ «አስካለ ተሰማ» ይላል። የትምህርት ቤት ሰርተፊኬቴ፣ የፋብሪካ መታወቂያዬ፣ የሐኪም ወረቀቴ ሁሉም «አስካለ ደበላ» ይላሉ። የክርስትናውን ወረቀት ቄሱ በፖስታ አሽገው ነበር የሰጡኝ፤ እኔም ሳልከፍት አስገባሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ብርድ ልብስ ብርሃን ላይ ዘርግቼ ጉድለት ስፈልግ የኖርኩ ሰው የራሴን ወረቀት ሳላይ! ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስኪበቃኝ እስቅበት ነበር።

ነገሩ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። አውቃለሁ። ሰፈሩም ያውቃል። ተሰማ የወለደኝ ነው። ወታደር ነበር፤ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ወደ ሐረር ሄዶ በዚያው ቀረ። ደበላ ያሳደገኝ ነው፤ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ። እጄን ይዞ ትምህርት ቤት ያስመዘገበኝ እሱ ነው። «የአባት ስም?» ሲሉት የራሱን ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ማንም አንስቶት አያውቅም። «እንጀራ አባት» የሚባለው ነገር እቤታችን በር ላይ እንኳ ደርሶ አያውቅም።

ጸሐፊው መፍትሔውን ነገረኝ። ስሙን የሰጠኝ ሰውዬ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አልወለድኳትም» ብሎ ይማላል። ሁለት ምስክር ይጨመራል። ያን ጊዜ ፓስፖርቱ «አስካለ ተሰማ፣ በሌላ ስሟ አስካለ ደበላ» ተብሎ ይወጣል።

«እስከ ቅዳሜ ካመጣሽ አመጣሽ። ካለዚያ ከዘውድ በዓሉ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ነው፣ ያውም ከተሳካልሽ» አለኝ።

ያን ያህል መቆየት አይሆንልኝም። ፋብሪካው ወደሚልከኝ አገር፣ ወደ ሲኪም፣ የሚያስገባኝ ፈቃድ የሚያገለግለው እስከ ኅዳር አሥር ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16

ለአባባ አልነገርኩትም። ዛሬም ገና በጠዋት ከጓዶቹ ጋር ሐዲድ ላይ ወጣ።

የጉዞው ዝርዝር፦

የሲኪም መግቢያ ፈቃድ፣ አለ። (አራት ወር ፈጀ። ከዴልሂ ነው የሚሰጠው። ድንበር ላይ ስለሆነ የውጭ አገር ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ አያስገቡም።)
የፋብሪካው ደብዳቤ፣ አለ።
ክትባት፣ ሁለቱንም ተወግቻለሁ፤ ክንዴ አሁንም አብጧል።
ዋስ፣ ጋሽ ሸምሱ ባለሱቁ እሺ ብለዋል።
ፓስፖርት፣ የለም።
ወፍራም ካልሲ፣ የለም።

ሲኪም ትንሽ የንጉሥ አገር ናት ይላሉ፣ ከሂማላያ ተራራ ሥር። ፋብሪካው ለሁለት ወር የሚልከኝ የተራራ በግ ሱፍ አለያየትና አፈታተል እንድማር ነው። ሱፍ ክፍል ካለነው መሀል እንግሊዝኛ አንብቤ የምረዳው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው እንጂ ስለተወደድኩ አይደለም። ስመለስ የክፍሉ ኃላፊ እሆናለሁ ተብሏል። ተብሏል ነው የምለው፣ በጽሑፍ የሰጠኝ የለም።

ከፈቃዱ ማመልከቻ ጋር የመጣ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ከስድስት ሺህ ጫማ በላይ ከፍታ ኖረው ያውቃሉ?» የሚል። የለም ልል ስል የፋብሪካው መሐንዲስ ሳቀብኝ። የምንኖርባት አቃቂ ራሷ ከዚያ በላይ ናት አለኝ። ወይ ጉድ! ቆላ ነው እያልን ስናማው የኖርነው አገር!

ማታ እራት ሳይቀርብ ለእማዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ሃያ ሁለት ዓመት የሸፈንኩትን ፍርድ ቤት ልትዘረግፊው? ለአንድ ተራራ ብለሽ?»

«ወረቀት ነው እኮ እማዬ።»

«ወረቀት ነው ትለኛለች!» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

ነገርኩት።

በምሳ ሰዓት ከፋብሪካ ወጥቼ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው ሐዲድ ጎን ሄድኩ። ከጓዶቹ ራቅ ብሎ ቁራሽ ዳቦውን ይበላል። ከሩቅ ሲያየኝ ብድግ አለ፤ እማዬን ምን ነካብኝ ብሎ ነው የደነገጠው። «ምንም የለም» አልኩት። ተቀመጠ። ከዳቦው ቆርሶ ሰጠኝ።

መንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አልወጣም። በአጭሩ «ፍርድ ቤት ቀርቦ አልወለድኳትም ይበል ይሉሃል» አልኩት። እንደዚህ ነው ያልኩት፤ በዚሁ ቃል። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ዳቦውን አላምጦ ጨረሰ።

«መቼ ነው?» አለ።

«አርብ።»

«አርብ አለቃዬን ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

ይኸው ነው። ስነሳ ቀሚሴ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ አራገፈልኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንደሚያደርገው። አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ወደ ሥራ ዘግይቼ ገባሁና ተቆጣጣሪው ጻፈብኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ምስክር ፍለጋ። ሁለት ሰው ነው የሚያስፈልገኝ፤ ሰፈር ሙሉ ሰው አለ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ከስልጤ መጥተው ሱቁን ሲከፍቱ እኔ በእማዬ ጀርባ ታዝዬ ነበር አሉ፤ ማለትም ከአባባ በፊት ያውቁኛል። ነገሩን ሳስረዳቸው ሚዛናቸውን ይወለውሉ ጀመር።

«እኔ እንግዲህ የደበላ ልጅ መሆንሽን ነው የማውቀው» አሉ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ያውቃሉ እኮ!»

«ምኑን?»

እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ። አዋላጄ ናቸው፤ እትብቴን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ተሰማ በዚያ ቀን በር ላይ ቆሞ እንደነበር አንዴ ለእማዬ ሲነግሯት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታዲያ ዛሬ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ውይ ልጄ፣ አርጅቻለሁ፣ ማን እንደነበረ እንጃ!» የባለፈው ወር ዕቁብ ለማን እንደወጣ በየተራው የሚያውቁ ሴትዮ!

ተናደድኩ። ኋላ ግን ገባኝ። ውሸታቸው አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአባባ ክብር ሲሉ አላወቁም፤ አሁን በአንድ ቀን ዕወቁ ብላቸው እንዴት አድርገው ይወቁ?

ማታ ለአባባ ነገርኩት። ጫማውን እንደገና አድርጎ ወጣ። መጀመሪያ ሱቁ፣ ከዚያ እትዬ የሺ ቤት። ብዙም አልቆየ። ምን እንዳላቸው አላውቅም። እትዬ የሺ ግን አጥራችን ድረስ ተከትለውት መጥተው እያለቀሱ ነበር።

«ነገ በሦስት ሰዓት ይመጣሉ» አለኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 19

ወረዳ ፍርድ ቤት። ሰውም አልበዛ፣ ዳኛውም አላጉላላን።

አባባ የፋሲካ ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። አገጩ ላይ ቆርጦታል። እማዬ አልመጣችም። እትዬ የሺ «በገብርኤል ቀን!» እያሉ እስከ በሩ ድረስ አጉረመረሙ። ጋሽ ሸምሱ በቁርዓን፣ እሳቸው በወንጌል ማሉ። ሁለቱም አጠር አጠር አድርገው፣ ወደ መሬት እያዩ መሰከሩ።

ከዚያ የአባባ ተራ ሆነ። ዳኛው ጠየቀው።

«አልወለድኳትም» አለ።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ።»

«አልወለድኳትም!»

ጸሐፊው ጻፈ። አባባ ፈረመ። ቀስ ብሎ ነው የሚፈርመው፤ የተማረው ከእኔ ጋር ነው፣ እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በእኔ ደብተር ላይ።

ወረቀት ነው ስል ነበር የሰነበትኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ጮክ ብሎ ሲለው ግን ተነሥቼ «በቃ፣ አልሄድም» ልል ምንም አልቀረኝም። አላልኩም። መሄድ እፈልጋለሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ተራራውን ማየት እፈልጋለሁ፣ ኃላፊ መሆንም እፈልጋለሁ፤ ለዚህ ብዬ ሰውየውን አደባባይ አቆምኩት።

ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ሄደ። አብረን ስንሄድ ወትሮ ከጎኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ብዙ ነገር ሆነ፤ በቅደም ተከተሉ ልጻፍ።

በጠዋት በባቡር ለገሃር ወረድን፤ እኔ፣ አባባና ጋሽ ሸምሱ። የፓስፖርት ክፍሉ ጸሐፊ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አነበበ፣ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አየ፣ «ጎሽ» አለ። ፋይሌ ውስጥ አኖረው።

«አሁን ዋስ» አለ።

ጋሽ ሸምሱ በኩራት የንግድ ፈቃዳቸውን ዘረጉ። ጸሐፊው አየው። መነጽሩን ሰቀለ። ያ መነጽር ሲሰቀል ደህና ነገር አይመጣም።

«ይሄ እኮ የሱልጣን ስም ነው።»

«ወንድሜ ነው፤ አገር ቤት ገብቷል። ሱቁ የኔ ነው።»

«ወረቀቱ ግን የእሱ ነው።»

ሁለተኛ ሰው ደግሞ በሌላ ሰው ስም የሚኖር! ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። በስድስት ሰዓት ይዘጋሉ፤ አምስት ሰዓት አልፏል። አዲስ አበባ ላይ አሁን ማንን ዋስ አገኛለሁ? ጋሽ ሸምሱ ላባቸውን እየጠረጉ ይቅርታ ይላሉ። እኔ ዝርዝሬን አውጥቼ አየዋለሁ፤ ዝርዝሩ ላይ ለዚህ የሚሆን ምንም የለም።

አባባ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ነበር። ወደ መስኮቱ መጣና የባቡር መታወቂያውን አስቀመጠ።

«ደመወዝተኛ ይሆናል?»

«ቋሚ ከሆኑ ይሆናል» አለ ጸሐፊው። በጠዋቱ ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ጋር የቀረበው እሱ መሆኑን ልብ አላለም፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰው አስተናግዷል። አዲስ ቅጽ ሳበና አንገቱን ሳያቀና መጠየቅ ጀመረ። ስም? ደበላ ጉርሙ። ሥራ? ሐዲድ ጥገና። መኖሪያ? አቃቂ።

«ከተጓዧ ጋር ያለዎት ዝምድና?»

አባባ አላመነታም፣ ወደ እኔም አላየም።

«አባት» አለ። ትናንት ዳኛው ከፍ አድርግ ባለው ድምፅ ነው ያለው።

ጸሐፊው ጻፈው። ማኅተም መታበት። ከፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ ደርቦ በአንድ ስፒል ያዛቸው። ከላይ «አባት» ይላል፣ ከሥር «አልወለድኳትም» ይላል፤ በሁለቱም ላይ ያው የተንጋደደ ፊርማ። እኔ አየሁ። ሌላ ሰው አላየም።

«ሰኞ ጠዋት ብቅ በይ፤ ፋይሉ ወደሚፈርመው ሹም ከመውጣቱ በፊት የሚስተካከል ካለ እናያለን» አለኝ።

በባቡሩ ላይ ጋሽ ሸምሱ ብቻ ነበሩ የሚያወሩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 21

ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ሹሙ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ካየ አበቃ። የሐሰት ቃል ሰጥተዋል ብሎ ፋይሉን ሊመልሰው ይችላል፤ የፈቃዱም ቀን ያልፋል። ማስተካከል ቀላል ነው። ሰኞ ሄጄ «እንጀራ አባት ተብሎ ይታረም» ማለት። አንዲት ቃል መጨመር። አባባ ማወቅም አያስፈልገውም።

እማዬ ዛሬ አናገረችኝ። «ጮክ ብሎ ነው ያለው አሉ?» አለች። የትኛውን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝምና «አዎ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ አባባ ከባቡር ሥራው የተሰጠውን የብርድ ካፖርት አምጥቶ አልጋዬ ላይ ጣለው። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል፤ የግራሶ ሽታ አለው። ስለብሰው እማዬ ሳቀችብኝ። «ኢንተላ ኮ» አለኝ አባባ። ልጄ ማለቱ ነው፤ በኦሮምኛ እንዲህ የሚለኝ ልቡ ሲረጋ ነው። ረቡዕ ያላልኩትን ምስጋና ዛሬ አልኩት። «ቁልፉን እማዬ ታጥብቅልሽ» ብሎ ወጣ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 22

ፋብሪካ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ፓስፖርት ክፍሉ ለነገው የዘውድ በዓል ባንዲራ እየተሰቀለበት ነው።

ጸሐፊው ፋይሌን አወጣ። ስፒሉ እንዳለ ነው። አንድ በአንድ ገለጠልኝ፤ የክርስትናው፣ የሐኪሙ፣ የሲኪሙ፣ የፍርድ ቤቱ፣ የዋሱ። ጣቴን ዘርግቼ «እዚህ ጋ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሥራዬ እኮ ነው። አንዲት የተዘለለች ክር ካየሁ ብርድ ልብሱን እመልሳለሁ፤ ስንት ሸማኔ በዚህ ምክንያት ጠምዶኛል።

«የሚስተካከል አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

ፋይሉን ዘግቶ ሹሙ ዘንድ ከሚወጡት ላይ ጫነው። መልሱ ሐሙስ ነው። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ስመለስ ለገሃር አጠገብ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ገዛሁ፤ አንዱ የአባባ ነው፣ ካፖርቱን ወስጄበታለሁና።