ሙሾ ያልወረደለት ሐያሲ

ደርሶዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሞላን። ባለፈው እሑድ ተዝካርህን አወጣን። ሰዉ ተበትኖ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የተዋስነው ድስት ሁሉ ለየባለቤቱ ተመልሶ ገና አሁን ቁጭ ማለቴ ነው። ደክሞኛል። ብትኖር ኖሮ፣ ደክሞኛል ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አንባቢውንም ያደክማል ትለኝ ነበር። ተወኝ እስቲ፣ ዛሬ እንኳ እንደመጣልኝ ልጻፍ።

ከተማችን ኮኪት እንደተውካት ናት። መብራቱ ይመጣል ይሄዳል፣ መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል። የሰሊጥ አጨዳ ስለደረሰ መኪናው ከጎጃምና ከወሎ የመጡትን ሠራተኞች እያራገፈ ነው። የኋላውን ክፍል ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ ለመጣች እናት ሰጠኋት፤ እሷ ባላት አማርኛ እኔ ባለኝ ዓረብኛ እንግባባለን። መጻሕፍትህን ወደ መኝታ ቤት አስገባኋቸው። ምስጥ ጀምሯቸው ስለነበር ግቢው ውስጥ ፀሐይ አሰጣቸዋለሁ፤ ጎረቤት ሲያልፍ ዘንድሮስ ምን ዘራሽ እያለ ይቀልድብኛል። ልጃችን ማህሌት ጎንደር ወስጄ ካላስቀመጥኩሽ እያለች ዓመቱን ሙሉ ስትነዘንዘኝ ከረመች። እኔም አባትሽ በወጉ ሳይለቀስለት ከዚህ ንቅንቅ አልልም አልኳት።

ቀብርህን አላየኸውምና ልንገርህ። መንገዱ ተዘግቶ ለሐኪም ሳናደርስህ ቤትህ ውስጥ አረፍክ፤ በማግስቱ አገሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሁሉም የሚያየው እትዬ ዘርፌን ነበር። እሳቸው ሙሾ ካላወረዱ በዚህ አገር ማን ያወርዳል? እሳቸው ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ሌሎቹ አልቃሾች እሳቸውን አይተው ዝም አሉ። ከኔና ከማህሌት ጩኸት በቀር አንዲት ስንኝ ሳይወጣልህ አፈር ገባህ። ኋላ ብጠይቃቸው፣ ምን ብዬ ልድፈር ልጄ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ የሚያርመኝ መሰለኝ አሉኝ። አጠገባችን ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ በንዴት በሩን ድርግም አደረግሁት።

ያመጣኸው አንተ ነህ። የትኛው ለቅሶ ቤት ሄደህ ዝም ብለህ ተመልሰህ ታውቃለህ? ዕድሜውን ትራክተር ሲነዳ የኖረውን ጎረቤታችንን ፈረሱን ጫኑለት፣ ጦሩን አምጡለት እያሉ ሲያለቅሱለት፣ ንፍሮህን እየቆረጠምክ ትራክተሩ ምን በደለ ብለህ እትዬ ዘርፌን ጠየቅሃቸው። ክረምቱን ሙሉ አኮረፉህ። ግን ከዚያ ወዲህ ለሟች ያልነበረውን ፈረስ አልሰጡም።

አዲስ አበባም እንዲሁ ነበርክ። የአማርኛ መምህር ሆነህ ቀን ታስተምራለህ፣ ማታ ለጋዜጣው ሂስህን ትጽፋለህ። አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ሰው ሁሉ ደራሲውን ሲያሞግስ ተነስተህ መጽሐፉ ግማሹ ቢቀር ይሻለው ነበር አልክ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ በኋላ የጥሪ ካርድ ቤታችን አልመጣም። ደራሲያን መንገድ ላይ ሲያዩህ ይሻገሩ ጀመር። ጋዜጣው ሲዘጋ አንድ ክረምት አርፈን እንመለስ ብዬ ወደ ትውልድ አገሬ አመጣሁህ፤ ሙቀቱን እየረገምክ እዚሁ አረጀህ።

ያቆየህ የሠራተኞቹ ዘፈን ነው። ማሳው ዳር ካለው ዳሳቸው ገብተህ፣ የጎጃሙን ከወሎው እየለየህ፣ ይህን መስመር ከየት አመጣኸው፣ ይህ ደግሞ ለዛው አለቀ እያልክ ስትሞግታቸው ታመሻለህ። መጀመሪያ ታክስ ሊሰበስብ የመጣ መስሏቸው ዘፈናቸውን አቋርጠው ነበር አሉ። ከጽሑፎችህ ሁሉ እኔ የምወደው በወባ ስለሞተው አጫጅ የጻፍከውን ነው። ጓደኞቹ የአባቱን ስም ስላላወቁ የመንደሩን ወንዝ አባት አድርገው ያለቀሱለትን። ሰው ሳይለቀስለት ከተቀበረ እንዳልኖረ ይቆጠራል ብለህ ነበር እዚያ ላይ። በጎንደር ሬዲዮ ስታነበው ድምፅህ ተሰበረ፤ ጉንፋን ነው ብለህ ካድክ።

እንግዲህ እሱ በአንተ ደረሰ። ዓመቱን ሙሉ የበላኝ ይኸው ነው። ገበያ ስሄድ፣ ያ ሁሉ አዋቂ ወገን እንደሌለው ተቀበረ ሲባል እሰማለሁ። ከአርባህ በኋላ እትዬ ዘርፌ ቤት ሄጄ ለመንኳቸው። ለሱ የሚሆን እየፈለግሁ ነው፣ እንደሌላው ሰው አይሆንልኝም አሉ። በየቀብሩ ስምህን ያነሱት እንደሆነ ብዬ ከፊት እቆማለሁ። የሰው ሁሉ የቆየ ሐዘን ይነሳል፤ ያንተ የለም። መጨረሻ ላይ ይቅርብኝ ብዬ ተውኩት፤ መቆሙም ደከመኝ።

እሑድ ዕለት ቄሶቹ ጸሎቱን ጨርሰው ሰዉ ምግብ ቀርቦለት ሳለ እትዬ ዘርፌ ብድግ አሉ። ጎርሶ የነበረው ማላመጡን አቆመ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጀመሩ፦ የሰው ፊት ሳይፈራ እውነት የሚናገር፤ አሉና ቆሙ። ሁለተኛው አልመጣላቸውም። እንደገና ከመጀመሪያው አሉት፤ አሁንም እዚያው ላይ ቆሙ። አንተን አሰብኩ፣ ምነው ባልተነሱ ብዬ አፈርኩላቸው። ያን ጊዜ ዜማውን ትተው እንዲያው ጮኹ፦ ኧረ ደርሶ፣ እንግዲህ ማን ይስማን!

ድንኳኑ አለቀሰ። በጥያቄ ያስጨነቅሃቸው የወሎና የጎጃም ልጆች ዳር ቆመው ነበር፤ እነሱም ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ያልወጣልኝ ያን ቀን ወጣልኝ። ኋላ እትዬ ዘርፌ አጠገቤ ተቀምጠው፣ አበላሸሁበት አይደል ልጄ አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ከአጨዳው በኋላ መንገዱ ከፈቀደ ማህሌት ጋ እሄዳለሁ። እዚያም ብሆን በየዕለቱ ስምህን እያነሳሁ፣ ለልጅ ልጆችህም እየነገርኩ እኖራለሁ። አያታችን ሲሞት ምን ተባለለት ያሉኝ ቀን የእትዬ ዘርፌን እነግራቸዋለሁ። ግጥም አይደለም፣ ቤት አልመታም፣ ግማሹ የለም። አውቃለሁ። እኔ አላርመውም፤ አንተም እንዳትነካው።

ዓለምነሽ