ፊቷ የተፋቀው

መጋቢት ፳፰ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.፣ ረቡዕ። ጧት ፪ ሰ.

የፍየል ሌጦ ፷፬። ሦስቱ ብል የበላቸው፤ ለብቻ ተቀመጡ። የበሬ ቆዳ ፱። አቡጀዲ ፲፩ ጣቃ፤ ትናንት ፲፪ ነበር፣ አንዱን አለቃ ፍሥሐ ወሰዱ። ቁርጥራጭ ቆዳ አንድ ጆንያ፣ እሱም ለእሳቸው። ለሙጫ ይቀቀላል። ጓሮው ከአሁኑ ይሸታል።

አለቃ ሠዓሊ ናቸው፣ ከጎጃም የመጡ። ፈረስ መጋላ ካለው መደብሬ ጓሮ አቡጀዲውን ወጥረው ይሥላሉ። ሲያልቅ ሐኪም ከሚባለው ጋራ ሥር ባለችው ቤ/ክ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ለሚያዝያ ፳፮፣ ለቅዱስ ሱስንዮስ በዓል። ስለቴ ነው። ጻድቁ በፈረሱ ላይ ሆኖ ያችን ሕፃናት ገዳይ ሲወጋ። ስሟን አልጽፍም። ቤት ውስጥም አይጠራም፤ ሚስቴ አጸደ ወሯ ገብቷል። ሁለት ልጅ ቀብረናል። ሦስተኛ እንዳንቀብር ነው የተሳልኩት።

አለቃ የሚገለብጡት ከአሮጌ ብራና ነው። ስንት መቶ ዓመት እንደሆነው እሳቸውም አያውቁም። ዛሬ ቡና ጆንያ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ከወገቧ በላይ ሴት፣ ከወገቧ በታች ቅርፊት። ጭራዋ በፈረሱ ኮቴ ሥር ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። እጇ አለ፣ ጡቷ አለ፣ ጠጉሯ አለ። ፊቷ የለም። ብል መስሎኝ በጣቴ ዳሰስኩት። ቆዳ አውቃለሁ፣ ብል አይደለም። ጥፍር ነው። እስከ ነጩ ተፍቋል።

እናቶች ናቸው አሉ አለቃ። ልጅ የሞተባት ሴት ብራናው ሲደርሳት አንድ ጊዜ ትቧጭራታለች። አንድ አንድ ጊዜ ብቻ። ታዲያ ስንት እናት ብትቧጭራት ነው እዚህ የደረሰችው?

አለቃ ተቸግረዋል፣ የሚገለብጡት ፊት የላቸውም። የመሰልዎትን ይሣሉ አልኳቸው። ሥራ ነበረብኝ።

ሌላ ያዘዝኩት፦ እኔ ከታች፣ ከፈረሱ ፊት ተደፍቼ፣ ያሣለው እገሌ ተብሎ። ልማዱ ነው። ጢሜ በደንብ ይታይ። ሁለት ዓይን እንዳይረሱ አልኳቸው። አለቃ ሳቁ። በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ብቻ ነው፣ ምን አስፈራዎት አሉኝ።

መጋቢት ፴፣ ዓርብ። ከቀኑ ፱ ሰ.

ፈረሱ አልቋል። ነጭ፣ ልጓሙ ቀይ። ቅርፊቱ በሰማያዊ ተጀምሯል። ቀለሙ ከድ/ዳዋ የመጣ ነው፣ ጥሩ ነው።

ቄሰ ገበዙ ሊያዩ መጥተው ነገር አነሡ። እባብ ናት ሲባል ነው የሰማሁት፣ የዓሣ ጭራ ከየት መጣ? አለቃ፣ በብራናው አንዱ ገጽ ላይ እባብ፣ በሌላው ዓሣ ናት አሉ። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ባሕር ያላዩ የደጋ ሰዎች ናቸው፤ በወሬ ነው የሣሏት። ከዚያ ብሩሻቸውን ሳያነሡ፦ «ዓሣ ትሻላለች አባቴ። ጾም ነው፣ ቢያንስ ግማሿ ይበላል።» ቄሰ ገበዙ አማተቡ። ሳቁም።

አንድ ነገር አልወደድኩም። አጸደ ሁለት ቀን ሙሉ ከጓሮ አልጠፋችም። በርጩማዋን አለቃ አጠገብ አድርጋ ትቀመጣለች። ስገባ ንግግር ይቆማል። ስለ ቀለም ነው የምናወራው ትለኛለች። በዚህ ሆዷ የሙጫውን ሽታ እንዴት ቻለችው? እኔ እንኳ አልቻልኩም።

ምናልባት ምንም አይደለም።

ሚያዝያ ፪፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ

ፊቱ ትናንት ማታ አልቆ ኖሯል። አሁን አየሁት።

አንድ ዓይን ናት፣ እንደ ሥርዓቱ። የሚታየው ግራው ነው። ቅንድቡ መሐል ላይ የተሰነጠቀ፣ የድሮ ጠባሳ። ጠጉሯ ከጆሮዋ ኋላ ተጠቅልሎ በመረብ ሻሽ ታስሯል፣ በግንቡ ውስጥ ያሉት የጁገል ሴቶች እንደሚያስሩት።

ደብተር፣ ይህን ቅንድብ ሐረር ውስጥ የማያውቀው የለም። የአይ ዘይነባ ነው። አይ በአገሩ ቋንቋ እናት ማለት ነው። የጁገልን ግማሽ ያዋለዱ ናቸው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ። የእኔን ሁለቱንም የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ለሦስተኛውም ነግሬያቸዋለሁ።

ጠቅልዬ ላስገባው አልኩ። ቀለሙ አልደረቀም፣ ይበላሻል። ጓሮው ደግሞ ቆዳ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ትናንት ማታ ስንቱ አይቶታል? ቆጠርኩ። የማስታውሳቸው ሰባት ናቸው። ሰባት አፍ።

ሚያዝያ ፫፣ ሰኞ

የሹዋል ዒድ፣ የሐረር እስላሞች በዓል። ከበሮ ከጧት ጀምሮ። ሰዉ ሁሉ ወደ ኤረር በር ይፈስሳል። መደብሩ ደጃፍ ቆሜ በመረብ የታሰረ ጠጉር መቶ አየሁ፣ ሁለት መቶ። ያን ቅንድብ አላየሁም። በየዓመቱ ከፊት ከፊት ነበሩ።

በርበሬ ልገዛ ጊደር መጋላ ወረድኩ። ቅመም ሻጯ ከሩቅ፦ «ጌታው! አዋላጅዎን ግድግዳ ላይ ሊለጥፏት ነው አሉ። የድካሟ ዋጋ ነው?» ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። በርበሬውን ስትመዝንልኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የቀረውን ነገረችኝ። ሁለት እርጉዞች አይምጡብን ብለው ልከውባቸዋል። ልጆች ደጃፋቸው ላይ እንደ እባብ ይፏጫሉ። ከትናንት ወዲህ በራቸው አልተከፈተም።

ረጋ ብዬ ላስብ። አቡጀዲ አለ፣ ቀለም አለ፣ ፳፫ ቀን አለ። ፊት ማስለወጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን ቤት ስደርስ በርበሬውን ሁለት ጊዜ ደፋሁት።

ሚያዝያ ፭፣ ረቡዕ። ከቀኑ ፮ ሰ.

አለቃን ያዝኳቸው። መጀመሪያ እጄ መራኝ አሉ። ስጫናቸው ተቆጡ፦ «የመሰልዎትን ይሣሉ አሉኝ። እኔን ምንም አልመሰለኝም። ወይዘሮዋን መሰላቸው።»

አጸደን ጠየቅኋት። አላስተባበለችም። ሁለቱንም የተቀበለች እጅ የማን ናት አለችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነው። መልሱ አለኝ፤ ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ።

ደብተር፣ ያለፈው ዓመት ኅዳር ገጽህ ላይ «ሕፃኗ አረፈች» ይላል፣ ሌላ የለም። የቀረውን አሁን ያዝልኝ። የመጀመሪያው ሲወለድም ትንፋሽ አልነበረውም፤ ያ የማንም ጥፋት አይደለም። ሁለተኛዋ ግን ሦስት ቀን ኖረች። በሦስተኛው ቀን ጧት ጡት እምቢ አለች። አይ ዘይነባ እዚህ ድረስ ሮጠው መጡ። ይህ ከእጄ በላይ ነው፣ የፈረንጁን ሐኪም አሁኑኑ ጥራ አሉኝ። ሚዛን ላይ ነበርኩ። ለድ/ዳዋ ባቡር መድረስ ያለበት ፪፻ ሌጦ። ይህን ጨርሼ አልኩ። ጨርሼ ሄድኩ፣ ከቀኑ ፰ ሰ.። ሐኪሙ መጣ። ሕፃኗን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

በኋላ አጸደ ለምን ሐኪም ቶሎ አልተጠራም ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልነገረኝም አልኳት።

አይ ዘይነባ ይህን ያውቃሉ። አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ሚያዝያ ፮፣ ሐሙስ

ጧት ፬ ሰ. ላይ ራሳቸው መጡ። ጃንጥላቸውን ዘግተው «ዓሣዋ የታለች?» አሉ።

ገለጥኩላቸው። ብዙ ቆመው አዩ። ጭራውን በክንዳቸው ለኩት። «ወላሂ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ባሕር አይቼ አላውቅም። አሁን ዋኚ ሊሉኝ ነው?» አለቃ ቀለም የሚበጠብጡ መሰሉ። አንገታቸውን አላቀኑም።

ከዚያ ቅንድቡን በጣታቸው ነኩ። «ይህን ማን እንደሰጠኝ ታውቃለህ ልጄ? ምጥ የያዛት ሴት ናት። በእግሯ። ያን ጊዜ ያወጣሁት ልጅ ዛሬ ዐሥር ልጆች አሉት። አላህ ያብዛለት።»

ይቅርታ ማለት ጀመርኩ። በእጃቸው አስቆሙኝ። ሚዛንህ ላይ ሳለህ የነገርኩህን ለማንም አልነገርኩም አሉኝ፣ አልናገርምም፣ የእኔ አይደለም፣ ያንተ ነው።

ይህን ሲሉ አጸደ ወደ ጓሮ ብቅ አለች። አየቻቸው። ተመልሳ ገባች፣ በሩ ተዘጋ። እሳቸው ያዩት ፊቷን አይደለም፣ ሆዷን ነው። «ወርዷል። ሁለት ሳምንት አይሞላም፣ ኢንሻ አላህ። ግን አወራረዱን አልወደድኩትም። በእግሩ የሚመጣ ይመስለኛል። በእጄ ሳልዳስስ አላውቅም።» ይዳስሷት አልኳቸው፣ አሁን ይግቡ። እምቢ አሉ። አንተ ስትጠራኝ አልመጣም፣ እሷ ራሷ ትጥራኝ፤ የምትፈራኝን ሴት አላዋልድም፣ ፍርሃት ማህፀን ይዘጋል አሉ። ሄዱ።

በእግሩ። ቀኑን ሙሉ ይህን ብቻ ነው የምሰማው። ሌላ አዋላጅ ጠየቅሁ፣ ሦስት ሰው። ሦስቱም አይ ዘይነባን አሉኝ።

ሚያዝያ ፯፣ ዓርብ። ከቀኑ ፲ ሰ.

ነገርኳት። ጧት፣ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ፤ ሌላ ቦታ አልታየኝም። ሌጦውን፣ ባቡሩን፣ ይህን ጨርሼ ያልኩትን። ማንም አልነገረኝም ያልኩትን፣ አይ ዘይነባ እሷ ራሷ ትጥራኝ ያሉትንም።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። የቆዳ መፋቂያውን ከተሰቀለበት አወረደች። ወደ እኔ የምትመጣ መስሎኝ ቆምኩ። አልሸሸሁም። አልፋኝ ወደ ጓሮ ወጣች። የዓሣዋን ፊት ፋቀችው። ቅንድቡን፣ ዓይኑን፣ የታሰረውን ጠጉር፣ እስከ ነጩ አቡጀዲ። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ።

አለቃ ጮኹ። ከዚያ ብራናውን አምጥተው አጠገቡ ዘረጉት። አሮጌውና አዲሱ አንድ ሆነዋል። አለቃ ብዙ አይተው፣ እንዲሁ ይቅር አሉ፤ እኛም የወረስነው እንዲሁ ነው።

አጸደ አልጨረሰችም። መፋቂያውን ዝቅ አድርጋ የእኔን ሥዕል አሳየች፣ የተደፋሁበትን። «ይህን አልፍቀውም። አለቃ፣ አንድ ዓይን ያድርጉለት።»

አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። ያሣልኩት እኔ ነኝ፣ ቃሉ የእኔ ነው። ያለችውን ያድርጉ አልኳቸው።

አሁን ሥራው ላይ ናቸው። ጢሙን ትተውልኛል። ቄሰ ገበዙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። እንዲህ ያለ ስለት ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ከትንሽ ጊዜ በፊት ግን በር ላይ ቆማ፣ የአይ ዘይነባ ቤት በእግር ይደረሳል ወይ አለችኝ። በቀስታ ከሄድን ይደረሳል አልኳት። እሳቸውን ስጠራ አንተ ውጭ ትቆማለህ አለች። እሺ አልኩ።

ነገ፣ ቅዳሜ፦ ጧት ፩ ሰ. ላይ፣ ገበያው ሳይሞላ፣ ከአጸደ ጋር ወደ አይ ዘይነባ ቤት፣ ኤረር በር። ጃንጥላ መያዝ። የምታርፍበት በርጩማ መያዝ። የድ/ዳዋው ሌጦ ሰኞ ይመዘን።