ለእንግዳ የተጎዘጎዘ ሰላጣ

የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፶፰፣ ንፋስ መውጫ

ከቢሮ መልስ ባለርስት ሆንኩ። ርስቴ አራት የነጭ ጋዝ ቆርቆሮ ነው። ታቹን በምስማር በሳሁ፣ አፈርና ፍግ ሞላሁ፣ ሐኪም ቤት የነበረው ፈረንጅ ሲሄድ የተወልኝን የሰላጣ ዘር በተንኩ። ላቀችና ባሏ ሞላ ቆመው... ሞላስ ተኝቶ ነው ያየው። አዝመራ ጠፍቶባቸው ከስማዳ መጥተው ጓሮዬ ተጠግተዋል።

«አያ ተሻገር፣ ምን ያፈራል?» አለች።

«ቅጠል። በጥሬው ይበላል።»

ሞላ ካጥሩ ሥር፦ «በሬዎቼን ሸጬ አሁን እኔ ልጋጥ?»

ሳቅን። እግሩ ግን አብጧል። የረሃብ እብጠት ነው።

የካቲት ፳፱

በቀለ። ምንጩ ግን ሊነጥፍ ነው። ላቀች የታጠበችበትን እያጠራቀመች ታጠጣለች። ሲደርስ ቀቅላ፣ ጨው ነስንሳ ሞላን ልታበላው አስባለች። ፈረድኩ፦ ርስቱ የሞላ ይሁን። ይግባኝ የለውም።

መጋቢት ፳፫

ረሃባችንን የሚያይ ሹም ነገ ከበላይ ይመጣል። አይቶ ካመነ እህል ይጫንልናል። አለቃዬ ቀኛዝማች አዱኛ ተጨንቀዋል። ስለ ቢሮው ወለል።

«እንግዳ በባዶ ወለል? ምን ይለናል? ቄጤማ ፈልጉ።»

ረግረጉ ደርቆ ቄጤማ ከየት ይምጣ? ምላሴ አላስችል አለኝ።

«ቄጤማ ከጠፋ የእኔ ሰላጣ አለ፣ ጌታዬ።»

ለቀልድ ነበር። ቀኛዝማች ቀልድ ገብቷቸው ያውቃል? ዘበኛ ላኩ። ከነሥሩ ነቅሎት ሄደ።

መጋቢት ፳፬

ተጎዘጎዘ። ሹሙ ረግጠውት ገቡ። ቆም ብለው ወለሉን አዩ።

«በዚህ ወር እንዲህ ያለ ልምላሜ? ታዲያ ራበን ያለው ማነው?»

ቀኛዝማች ዝም። እኔም... ምላሱ የማያርፈው እኔ፣ ዝም። እህሉ ለሌላ አገር ተባለ።

ሲወጡ ላቀች ገብታ የተረገጠውን በነጠላዋ ለቀመች። አጥባ ቀቀለችው። ሞላ ቀመሰ።

«አፈር አፈር ይላል» አለ። «ይሁን፣ ከወዲሁ ልልመደው።»

የሳቀ የለም።

መጋቢት ፳፱

ሞላን ውሃ እንኳ አልወርድ ብሎታል።

ሚያዝያ ፮

ሞላን ትናንት ቀበርን። ላቀች ዛሬ ወደ ደብረ ታቦር ልትሄድ ተነሣች። በእግሯ።

«አንዱን ቆርቆሮ ይስጡኝ፣ ለመንገድ ውሃ ልያዝበት።»

«ታቹ ብስ ነው።»

«ማን በሳው?»

«እኔ።»

እሷ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ቀዳዳውን ወታተፈችው። ውሃ ሞልታ ተሸከመችው። አጥሩ ጋ ቆሜ አየኋት... ከኋላዋ መንገዱ ላይ ይንጠባጠባል።