በመያዣ የቆየው ቀስት

ደብረ ማርቆስ
እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሥራነሽ፣ ነገሌ ቦረና፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። አንድ ጥርሴ ወልቋል፤ ዓይኔ ግን አሁንም መርፌ ላይ ክር ያስገባልኛል።

ስልክ ትቼ ወረቀት ያነሳሁት በምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ገና "አባትሽ" ከማለቴ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ ያው ነው። ኔትወርክ ነው ብትዪኝ አላምንሽም፤ ስለ ጉልበትሽ ስናወራ ኔትወርኩ ደህና ነበር። ደብዳቤ መሀል ላይ አይቋረጥም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አባትሽ እዚህ ሆስፒታል ተኝቷል። ያመጣው እዚሁ ግብርና ቢሮ የሚሠራው ትንሹ ወንድምሽ ታረቀኝ ነው። ጉበቱን ነው ያመመው። ሐኪሙ ቀን አልቆረጠም፤ ነገር ግን "ዘመድ ካለው ይምጣና ይጠይቀው" ብሏል። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ታረቀኝ ጡረታ ወጥቼ ወደምኖርበት ወደ ቁይ ደውሎ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔ ያረፈው ከአልጋዬ ራስጌ በተሰቀለው ቀስት ላይ ነው። አዎን፣ ቀስቱ አለ። "አቃጥይው" ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ አላቃጠልኩትም። የሰው ዕቃ አላቃጥልም።

ነገሩን ከእኔ አፍ በሥርዓት ሰምተሽው ስለማታውቂ ልጻፍልሽ። አንቺ አምስተኛ ክፍል ሳለሽ አባትሽ መጥቶ የክፍሉ በር ላይ ቆመ። በሩን ሞላው። ቀስቱ ትከሻው ላይ ነበር። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ መተከል ከተመደብኩ ብዙም አልቆየሁም፤ ደንግጬ ጠመኔዬን ጣልኩ። "አንቺ አስተማሪ" አለኝ። ያን ቀን አንቺ ስላለኝ እኔም አንተ አልኩት፤ እንደዚያው ቀረ። ከእሱ ሌላ ባዕድ ሰው አንተ ብዬ አላውቅም።

ታላቅ ወንድምሽ ሚስት የሚያገኘው እህቱ ለሙሽራዋ ወንድም በለውጥ ስትሰጥ እንደነበር ታውቂያለሽ። ተራው ያንቺ ነበር። "ልጅቷን ከትምህርት አውጣት ይሉኛል" አለ አባትሽ። "እኔ አላወጣትም ብያለሁ። ግን ሰው ሲጮህበት ይደክማል። ስለዚህ ይኸው።" ቀስቱን አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "መያዣ ነው። ልጅቷ ትምህርቷን ስትጨርስ እወስደዋለሁ።"

ወደ ደብረ ማርቆስ ስዛወር እሱ ፈቅዶ አንቺንም ቀስቱንም ይዤ መጣሁ። በአንቺ ፋንታ ታናሽ እህትሽ ተሰጠች፤ በመጀመሪያ ወሊዷም ሞተች። አንቺ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱን አባቴ ብለሽ አልጠራሽውም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይገሠጽም ብዬ ዝም አልኩ፤ ዓመቱም በላይ በላዩ ሄደ።

አሁን ግን ዝም የምልበት ጊዜ አይደለም። ሐሙስ ጠዋት ቀስቱን በጆንያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ ፍቅርአዲስ ናት፤ ያቺ ጥጥ ፈታይዋ። እሷ ጥጧን በከረጢት አቅፋ፣ እኔ ቀስቴን።

"እማማ፣ ይሄ ጣሪያ ላይ ይውጣ" አለ ረዳቱ።

"አይወጣም።"

"እንግዲያው ለሁለት ሰው ይክፈሉ።"

"ለአንድ ሰው ነው የምከፍለው። እሱ መቼ ተቀመጠ? ቆሟል።"

"ትርፍ ጫንክ ተብለህ ልትቀጣ ነው!" አለው አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹፌሩ ብቻ አልሳቀም፤ ጫፉ ማጅራቱን ይወጋው ነበር።

ኬላው ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። ፍቅርአዲስ ጆሮዬ ሥር ገባች። "እትዬ፣ የጥጥ መንደፊያ ነው ይበሉ። ጥጡ ይኸው፤ ሁለታችንም ፈታዮች ነን እንላለን። ማን ያውቅብናል?" ሐሳቧ ክፉ አልነበረም፤ ቅርጹም ቢሆን ይመሳሰላል። እኔ ግን ልጆችን ያዩትን ነገር በስሙ እንዲጠሩ ሳስገድድ ኖሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቀስትን የጥጥ መንደፊያ አልለውም።

"ይሄ ምንድን ነው እማማ?" አለ ፈታሹ።

"ቀስት ነው።"

"የምን ቀስት?"

"የአደን።" ፍቅርአዲስ በክርኗ ጎሰመችኝ።

"ፍላጻውስ የት አለ?"

"ፍላጻ የለውም። ባለቤቱ ያስያዘኝ ቀስቱን ብቻ ነው።"

"ባለቤቱ ማን ነው?"

"የመተከል ሰው ነው። ጉሙዝ ነው፤ አዳኝ።"

ይሄኔ ተሳፋሪው ሁሉ ከአጠገቤ ፈቀቅ አለ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። አልፈረድኩባትም፤ በዚያ በኩል ባለፉት ዓመታት የሆነውን ያልሰማ የለም፤ ከወዲህም ከወዲያም ስንቱ ቀብሯል። ፈታሹ "ይሄ እዚህ ይቀራል" አለ።

"እንግዲያው እኔም እቀራለሁ" አልኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ ገበያው ሊያመልጠን ነው!" ረዳቱ ጮኸ።

"ሂዱ።"

"ጥለንዎት?"

"እግር አለኝ።"

ሹፌሩ ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ፍቅርአዲስ ከረጢቷን አቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እየተራገመች ነው የተቀመጠችው። "እንዲህ ያለ ድርቅና! ባል አለማግባትዎ ለወንዱ እግዜር ሲያዝንለት ነው" አለችኝ።

በመጨረሻ አለቃቸው መጣ፤ ጠጉሩ የሸበተ ሰው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ አዳመጠ። ከዚያ ቀስቱን ተቀብሎ በጉልበቱ አጎበጠና አውታሩን ከጫፉ አወለቀው። እንጨቱ ግን ቀና አላለም፤ እንደ ጎበጠ ቀረ። ገልብጦ አየውና "አውታር የሌለው ቀስት ዱላ ነው" አለ። "ዱላ የያዘች እናት አናስቆምም። ገመዱን ኪስዎ ይክተቱት።" ዱላ አለመሆኑን ልነግረው አፌን ስከፍት ፍቅርአዲስ "እግዜር ይስጥልን ጌታዬ!" ብላ በክንዴ ጎተተችኝ። ሳላርመው አለፍኩ።

የሆስፒታሉ ጥበቃ ደግሞ "ቀስት ይዞ በሽተኛ መጠየቅ የለም" አለ። ልክ ነው፤ አልተከራከርኩትም። ታረቀኝ አባትሽን በተሽከርካሪ ወንበር እስከ ግቢው በር አወጣልኝ።

ሥራነሽ፣ አላወቅኩትም። ያ በር ይሞላ የነበረ ሰው ወንበሩ ሰፍቶት ተቀምጧል። እሱ ግን ዐወቀኝ።

"አስተማሪ፣ አረጀሽ" አለኝ።

"አንተስ?" አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ያው ነው።

ቀስቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት፤ አውታሩንም ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። "እንደሰጠኸኝ ነው" አልኩት። "በየዓመቱ የኑግ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ምስጥ አልነካውም። አውታሩም ከዛሬ በቀር አንድ ቀን አልተፈታም።" ኮርቼ ነው የተናገርኩት።

ጎባጣውን በአውራ ጣቱ እስከ ጫፉ ድረስ ዳሰሰው። "አልፈታሽውም?"

"አልፈታሁትም።"

"ይህን ሁሉ ዘመን?"

"እንደተቀበልኩት ነዋ!"

ወደ ታረቀኝ ዞሮ በቋንቋችሁ አንድ ነገር አለው፤ ወንድምሽ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ምን አለ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ይቅርታ… ቀስት ሲቀመጥ አውታሩ ይፈታል። እንደተወጠረ ከኖረ ጉልበቱን ይጨርሳል። 'ሞቷል፤ ይህ አሁን ወፍ አያስደነግጥም' ነው ያለው።"

ደብረ ወርቅ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታም፣ በኋላ ያሠለጠኑኝም ያስተማሩኝ የተቀበሉትን እንደተቀበሉት ማስረከብ ነው። ተወጥሮ የተሰጠኝን እንደተወጠረ ሰቅዬ ገደልኩት። ኬላ ላይ ያ ሁሉ ሰው የፈራው የሞተ ቀርከሃ ነበር። "ይቅር በለኝ" አልኩት።

እሱ ግን ቀስቱን አንስቶ መልሶ እጄ ላይ አደረገው። "ቢሞትም ባይሞትም ካንቺ አልቀበልም" አለ። "ልጅቷ ስትጨርስ ነው የተባባልነው። ልጅቷ ታምጣው።"

"ጨርሳለች እኮ! ዲፕሎማዋን በዓይኔ አይቻለሁ። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሥራ ይዛ…"

"አንቺ አይተሻል። እኔ አላየሁም።"

ከእኔ ጋር እንዲህ የሚከራከር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ቀስቱን ይዤ ተመለስኩ።

ወደ ታረቀኝ ቤት ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ ወንድምሽ የነገረኝን አንቺም መስማት አለብሽ። "እትዬ፣ አባቴ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቀስት አልሠራም" አለኝ። "እኔ ከተወለድኩ አደን ሲወጣ አላየሁትም። እኩዮቹ ሲሄዱ እሱ እርሻውን ይቆፍራል። 'ምነው፣ ከሴቶቹ ጋር ቀረህ?' እያሉ ሲያሾፉበት 'ቀስቴ ትምህርት ቤት ገብቷል' ይላቸዋል።"

ሥራነሽ፣ የእህትሽን ነገር አላቃልልም። የሚቃለል አይደለም። ነገር ግን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሲጮህበት አንቺን እንዳይሰጥ ያሰረው ቀስት እኔ ግድግዳ ላይ ነበር። አንቺን ይዤ የወጣሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ እሱን ስትከሺ አንድ ቀን እንኳ ፊትሽን ወደ እኔ አለማዞርሽ ይገርመኛል። ፍርድ ከሆነ ለሁላችንም ይሁን፤ ይቅርታም ከሆነ እንዲሁ።

እንግዲህ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግሥት ፈቃድ ጠይቂ። አለቃሽ ካንገራገረ ስልኬን ስጪው፤ እኔ አነጋግረዋለሁ። እስከ አዲስ አበባ ነይና እዚያ አድረሽ፣ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቀሽ፣ በጠዋቱ አውቶቡስ ተነሺ። ታረቀኝ መናኸሪያ ይጠብቅሻል። ካባ አትርሺ፤ የደብረ ማርቆስ ብርድ እንደ ድሮው ነው። እኔ ወደ ቁይ አልመለስም። ዶሮዎቼን ለፍቅርአዲስ ትቼላታለሁ። "እስከ መቼ?" ስትለኝ "እስክትመጣ" አልኳት።

አልመጣም ካልሽ ደግሞ እኔው ቀስቱን ይዤ ነገሌ እመጣለሁ። በመካከል ስንት ኬላ እንዳለ አላውቅም፤ በየአንዳንዱ ወርጄ "ቀስት ነው" እላለሁ፤ ከደረስኩም በኋላ ሆስፒታልሽ በር ላይ እቆማለሁ። እንደማደርገው ታውቂያለሽ። ግን እሱ እዚህ ተኝቶ እኔ እዚያ ብቆም ለማንም አይጠቅምም።

በየቀኑ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። ነርሷ አርብ ዕለት "ለታካሚው ምኑ ነዎት?" አለችኝ። "የልጁ አስተማሪ ነኝ" አልኳት። የጠያቂ ወረቀቱ ላይ "ቤተሰብ" ብላ ጻፈች። ይህንንም ሳላርመው ተውኩት።

አባትሽ "ትመጣለች?" ሲለኝ "እጽፍላታለሁ" ነው የምለው፤ የማላውቀውን አልናገርም። ትናንት ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

"አዋላጅ ምንድን ነው የምትሠራው?"

ነገርኩት፤ ምጥ የያዛት ሴት ወደ አንቺ እንደምትመጣ፣ ደም ሲበዛ እንደምታቆሚ፣ ሕፃኑ ዞሮ ሲገኝ እንደምታውቂ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

"ስንት እናት አድናለች?" አለ።

"አላውቅም" አልኩት።

ታረቀኝ ሊያስደስተው ፈልጎ "ብዙ ነዋ አባባ! ተቆጥሮም አያልቅ!" አለ።

አባትሽ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ዝም አሰኘው። "ተው፣ አንተ አታውቅም" አለው። "እሷን እጠይቃታለሁ።"

ከረቡዕ ጀምሮ እህል አልቀምስም ብሎ ነበር። ይህን ከተናገረ በኋላ ራሱ አጥሚት ጠይቆ ኩባያውን ጨረሰ። ዛሬ ጠዋትም ጠጥቷል።

ያን ሁሉ ሕፃን በእጅሽ ያሳለፈ አምላክ መንገድሽን ይጥረግልሽ፤ በምትተኚበት ይጠብቅሽ፣ በምትነሺበት ይከተልሽ። መልሱን መንገድ ላይ አስበሽ ነይ።

አስተማሪሽ
ፋንታነሽ አምባዬ