ጊፋታ በሞጣ

ሐሙስ

ማርቆስ ከቡድናችን ወጣ። ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ በምላሴ።

የቴሌግራም ቡድናችን ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለበት። ማርቆስ የወላይታ ልጅ ነው፤ ሞጣ ሒሳብ ያስተምራል። ዘይነብ የሞጣ ልጅ ናት፤ ተመርቃ ከአባቷ ጋር ጨርቅ ትሸጣለች። እኔ እዚሁ ቢቸና አስተማሪ ነኝ። ከኮሌጅ ጀምሮ ሥራችን መተራረብ ነው።

ጠዋት ማርቆስ «ሃ ያ» ብሎ ጻፈ። በወላይትኛ ና ማለት ነው። ዘይነብ «ሃያ ምን? ሃያ ብርቱካን?» አለችው። ሳቅን። ቀጥሎ በዓል ተነሣ። ዘይነብ ዒድ በዓመት ሁለቴ ስለሚመጣ እኔ እበልጣችኋለሁ አለች። ማርቆስ እሑድ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ መሆኑን አስታወሰን። እኔ ምን ብዬ ጻፍሁ? «እንቁጣጣሽ ካለፈ እኮ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። አዲስ ዓመት ወላይታ የሚደርሰው በእግሩ ነው?»

ያነበበው ከሰዓት ነው። ከዚያ ወጣ።

ዓርብ

ሦስት ጊዜ ደወልሁ። አያነሣም። ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርሁ አላውቅም።

ከሰዓት ዘይነብ ደወለች። «አንቺ፣ ልጁ እኮ ለጊፋታ አገሩ ሊገባ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር። ትናንት መናኸሪያ ሲሄድ የአዲስ አበባ መንገድ ተዘግቷል ብለው መለሱት። እናቱን ካየ ሦስት ዓመቱ ነው።»

ከመናኸሪያ ተመልሶ የእኔን «በእግሩ ነው?» አነበበ ማለት ነው። አላወቅሁም ነበር። ግን በየዓመቱ ስለ ጊፋታ ሲነግረን እንዴት ነው የምታከብሩት ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

በድምፅ ይቅርታ ላክሁለት። ሰበብ አልጨመርሁም።

ቅዳሜ

«ሰማሁት» ብሎ መለሰ። ይኸው ነው።

ዘይነብ ግን ለነገ ቤታቸው ጠርታዋለች። አባቷ «ጥፋተኛዋም ትምጣ» ብለዋል። ችግሩ ሥጋ ነው። ጊፋታ ያለ በሬ ሥጋ አይሆንም። በሙስሊም የታረደውን እኛ አንበላም፣ በክርስቲያን የታረደውን እነሱ አይበሉም። ከዘይነብ ጋር በስልክ ስንሟገት ዋልን። ውሳኔ፦ ድንች፣ ጎመን፣ አይብ፣ ብዙ ቅቤ። ቅቤውን እኔ ከቢቸና እወስዳለሁ። የምላሴ ካሣ ትሁንልኝ።

እሑድ

በጠዋት ሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። ማርቆስ የእነ ዘይነብ በር ላይ ቆሟል። የምለውን አጥንቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ። ቅቤውን ተቀበለኝና «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ረጅም» አልሁት።

«ገና ምኑን አየሽ» አለ። ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ከምሳ በፊት ለእናቱ በቪዲዮ ደወለ። ሁላችንንም አዩን። በወላይትኛ ረዘም አድርገው ተናገሩ። ማርቆስ አልተረጎመልንም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዘይነብ አባት ስልኩን ተቀበሉትና «እመይቴ፣ ልጅዎ እኛ ዘንድ ነው። አያስቡ» አሏቸው። አማርኛው ገብቷቸው እንደሆነ አላውቅም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

በላን። ማርቆስ ድንቹን ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ስንሰነባበት «ወደ ቡድኑ ልመልስህ?» አልሁት። «አስብበታለሁ» አለኝ ኮስተር ብሎ።

አሁን ቤቴ ገብቻለሁ። የቡድኑን መግቢያ ሊንክ ልኬለት አይቶታል። ቴሌግራሙ «እየጻፈ ነው» ይላል። ያቆማል። ደግሞ ይጽፋል።